ጸሎተኛዋ ፌንጣና የውሃ አባቱ

አንድ ሊቅ ነበሩ፤ የኔታ ይርዳው የሚባሉ። በመስኩ የሚበርረውንና የሚድኸውን ሁሉ እያዩ «ይሄ የንብ ወገን ነው፣ ያ የጉንዳን ዘመድ ነው» ብለው በየዘሩ ሲለዩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። አገሩ ሁሉ «የኔታ አንድ ጊዜ ካዩ አይሳሳቱም» ይላል። እሳቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

በዚያ መንደር የሁሉም ጓሮ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። በጋ ሲገባ ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍል «የውሃ አባት» ይሾማል። የውሃ አባት አንዴ ከማለ ክረምት እስኪገባ አይሻርም፤ የማለን ሰው መሻር ምንጩን ያደርቃል ብለው ይፈራሉ።

አንድ ዓመት ለሹመቱ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ጓንጉል ጯሂ ነው፤ ሲናገር ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ቢምረው ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚቆም ዝምተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ መስማማት ቢያቅታቸው የኔታ ዘንድ ሄዱ።

«ዘር መለየት የእርስዎ ሙያ ነው፤ ይለዩልን» አሏቸው።

የኔታ ሁለቱንም አንድ ጊዜ አዩና «ይሄማ ምን ያጠራጥራል? ቢምረው ነው እንጂ!» አሉ። ቢምረውም ማለና ተሾመ።

ወር ሳይሞላ ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ወደ የኔታ መጣች። የልጆቿ የዓመት ጉርስ በቦዩ ጫፍ ያለችው የሽንኩርት መደቧ ናት።

«የኔታ፣ ተራዬ ደርሶ ብሄድ ቦዩ ደረቅ ነው። ለውሃ አባቱ ብነግረው እጁን አጥፎ ‹እግዜር ያውቃል› አለኝ። ሽንኩርቴ እየጠወለገ ነው።»

«ታገሺ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ሰው አይበድልም» አሏት። ሴትዮዋ ለመሄድ ተነሳች።

የኔታ ሊሸኟት ወጥተው አጥሩ አጠገብ እንደቆሙ ጸሎተኛ የምትባለዋን ፌንጣ መሳይ አዩ። የአገሩ ሰው እንዲህ የሚላት፣ አረንጓዴ ሆና ሁለት እጆቿን አጥፋ ስለምትቆም ነው። የኔታም ከፌንጣ ዘር መድበዋት ነበር። አንዲት ንብ መጥታ አጠገቧ ያለ አበባ ላይ አረፈች። የታጠፉት እጆች ድንገት ተዘረጉ፤ ንቧ ተያዘች፤ ከራሷ ጀምሮ ተበላች።

የኔታ ጎንበስ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። የምትራመደው በአራት እግር ብቻ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ከውስጥ በኩል እንደ መጋዝ እሾህ አላቸው፤ የሚታጠፉትም ለጸሎት ሳይሆን ለመንጠቅ ነው። ሦስት ማዕዘን ራሷን በረጅሙ አንገቷ ላይ አዙራ ከኋላዋ ያለውን ታያለች። የፌንጣ የመዝለያ ጭን የላትም፤ ቅጠልም አትቀምስም። ከአጥሩ ጭራሮ ላይ የጣለችው እንቁላል በደረቀ አረፋ ታሽጎ ተቀምጧል። እንቁላሏን እንዲህ በማኅደር የምታሽግ ሌላ ማን ናት? በረሮ!

«የበረሮ ዘመድ ናት» አሉ የኔታ። «እኔ በመልኳ ከፌንጣ ጨመርኳት።» ወዲያው የአትጠገብ ፊትና የቢምረው የታጠፈ እጅ ትዝ አላቸው።

በትራቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ። ውሃው በቢምረውና በአማቾቹ ማሳ ላይ ተንጣሏል። ቢምረው እጁን አጥፎ ዳር ላይ ቆሟል።

«አንተ ከሃዲ! በአቋምህ አታለልከን!» ብለው ጮኹበት።

ቢምረው አልተቆጣም። «የኔታ፣ እኔ መቼ ጻድቅ ነኝ አልኩ? እጄን ማጠፍ ከልጅነቴ ልማዴ ነው። ጻድቅ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ውሃ ሲሰጠኝ ምን እንደማደርግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አላቸው።

መሐላው አይሻርም፤ ቢምረው ክረምት እስኪገባ ቆየ። የኔታ ግን የራሳቸውን የውሃ ተራ ሙሉ በሙሉ ለአትጠገብ ሰጡ። ጓሯቸው ደረቀ። የሷም ሽንኩርት የዳነው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ደርቆ ቀረ። ለዚያኛው ግማሽ የኔታ የሚሰጧት ምንም አልነበራቸውም።

በሚቀጥለው በጋ ሽማግሌዎቹ አዲስ ዕጩዎች ይዘው መጡ። የኔታ ግን ፊታቸውን እንኳ አላዩም።

«ከመሐላው በፊት ለእያንዳንዳቸው ውሃ የሚመሩበትን ዶማ ስጧቸው» አሉ። «እኔ እነሱን ሳይሆን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሰውም እንዲሁ ነው እንላለን። ግን ጸሎተኛዋ ማንንም አልዋሸችም፤ እጇ እንደተፈጠረ ታጠፈ፣ ስም ያወጣንላት እኛ ነን። ሰውን በአቋሙ ለይተን ሥልጣን ስናስይዘው ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በቦዩ ጫፍ ያለው ነው። እስቲ እርስዎም ያስቡት፦ ጨዋ ናቸው ብለው ካመኗቸው ሰዎች መካከል፣ በእጃቸው የገባውን ወዴት እንደሚመሩት ያዩት ስንቱን ነው?