ቆጣሪው አልቆም ያለ ጊዜ

እናንተ ጆሮ ካላችሁ እኔ ወሬ አለኝ፤ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ቁልቁለት በበዛባት በአንዲት ከተማ ይርገዱ የሚባሉ ጡረተኛ ሴት ነበሩ። ከታላቅ እህታቸው ከእታለም ጋር ይኖሩ ነበር። እታለም እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ውሏቸውም አዳራቸውም አልጋ ላይ ነው። ይርገዱ ያጥቧቸዋል፣ አንሶላ ይቀይሩላቸዋል፣ ልብሳቸውን በየቀኑ ያጥባሉ። ያ ቤት ያለ ውኃ አንድ ቀን አያድርም።

አንድ ወር የውኃ ሂሳብ መጣ። ይርገዱ ወረቀቱን አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። ጡረታቸውን እንዳለ ቢሰጡት አይበቃውም። የሰው ይሆናል ብለው ስሙን አነበቡ። የራሳቸው ነው።

"እታለም፣ ሌሊት ሌሊት ተነስተሽ ውኃ ትጠጫለሽ እንዴ?" አሉ፣ ግራ ቢገባቸው።

"በየት እግሬ?" አሉ እታለም።

ይርገዱ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አጥብቀው ዘጉና ከግቢው በር አጠገብ ወዳለው ቆጣሪ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አዩት። ይዞራል። አንዲት ጠብታ በማይወርድበት ቤት ቆጣሪው ቀስ እያለ ይዞራል። ቆመው ጠበቁት። ቆጣሪው አልቆም አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የይርገዱ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ ቆጣሪው ይቁምልኝ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ሌባ ነው። ጎረቤታቸው አቶ ገብረየስ ውኃ ገና አላስገቡም፤ ከይርገዱ ግቢ በጄሪካን ይቀዱ ነበር። ይርገዱ አንድም ቃል ሳይናገሩ የግቢውን ቧንቧ ቆለፉት። ገብረየስም አንድም ቃል ሳይናገሩ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከጋሪ እየገዙ መጠቀም ጀመሩ። ቧንቧው ተቆለፈ፣ ቆጣሪው ግን አልቆም አለ።

ይርገዱ ወደ ውኃ ቢሮ ሄዱ። በመስኮት የምታስተናግደው ሴት ወረቀቱን አየችው።

"እማማ፣ ከቆጣሪው ወደ ቤትዎ ያለው መስመር የእርስዎ ነው። የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ይሆናል። አስጠግነው ይምጡና ስለ ሂሳቡ እንነጋገራለን። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጡ ግን ውኃው ይቆረጣል።"

"ከተቆረጠ እህቴን በምን አጥባታለሁ?"

"ቶሎ ያስጠግኑት፣ እማማ" አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ይርገዱ ዳንጌ የሚባለውን የቧንቧ ሠራተኛ ጠሩት። ዳንጌ መስመሩን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ቧንቧው ከዚህ ሥር ነው የሚያልፈው" አለ። "ድንጋዩ ሳይነሳ ብቆፍር ይናድብኛል። አልቆፍርም።"

ድንጋዩ የአቶ ገብረየስ ነው። በክረምቱ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው ግንብ ፈርሶ ነበርና፣ እንደገና ሊሠሩበት በመኪና አስመጥተው፣ በይርገዱ ፈቃድ በእርሳቸው ግቢ ያራገፉት ነው። እንግዲህ ድንጋዩ አልነሳ አለ፣ ዳንጌ አልቆፍርም አለ፣ ቆጣሪው አልቆም አለ።

ይርገዱ ቧንቧ የቆለፉበትን ሰው ደጅ ማንኳኳት ከበዳቸው። ግን አንኳኩ።

"አቶ ገብረየስ፣ ድንጋዩን ያንሱልኝ።"

"የት ላድርገው?" አሉ ገብረየስ፣ ከበሩ ሳይወጡ። "መንገድ ላይ ባወጣው መንገድ ዘጋህ ብለው ይቀጡኛል። ግንቡ ሲሠራ በዚያው ይነሳል።"

"ግንቡስ መቼ ነው የሚሠራው?"

"ግንበኛውን ይጠይቁት፤ ያው እዚያ ተቀምጧል።"

ግንበኛው ምናሉ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል።

"እማማ፣ እኔ መቀመጥ ወድጄ መሰለዎት? አሸዋ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ በርሜሉ ግን ባዶ ነው። ያለ ውኃ አላቦካም።"

እንግዲህ ምናሉ አላቦካም አለ፣ ግንቡ አልሠራ አለ፣ ድንጋዩ አልነሳ አለ፣ ዳንጌ አልቆፍርም አለ፣ ቆጣሪው አልቆም አለ።

"በርሜሉን የሚሞላው ማነው?"

"ባለጋሪው ሸምሱ። ከመጣ ቆየ።"

ይርገዱ ቁልቁል ወረዱ። ሸምሱ ከታች፣ መንገዱ ጥግ ላይ አህያውን ገለባ ያበላል። ጄሪካኖቹ ጋሪው ላይ ሞልተው ተደርድረዋል።

"ልጄ፣ ውኃው ይኸው ሞልቷል፤ ለምን ለአቶ ገብረየስ አታመጣላቸውም?"

"ወደ እናንተ ሰፈርማ አልወጣም፣ እማማ። ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ባለፈው አህያዋ በጉልበቷ ወድቃብኛለች፤ ይኸው ቁስሏ።"

"የምን ጭቃ? ዝናቡ ካቆመ ቆየ እኮ።"

"እኔም ገርሞኛል። ሲደርቅ እወጣለሁ።"

"መቼ ይደርቃል?"

"ውኃው ሲቆም።"

"የቱ ውኃ?"

ሸምሱ አያቸው። የሚቀልዱበት መሰለው። "ከእርስዎ አጥር ሥር የሚወጣው ነዋ።"

ይርገዱ ወደ ላይ ተመለሱ። ዳገቱን ሲወጡ ጭቃው ጫማቸውን ያዘው፤ ሲወርዱ በሐሳብ አላስተዋሉትም ነበር። አጥራቸው ሥር ጎንበስ አሉ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ውኃ በዝምታ ይወጣል። ያ ሁሉ ሂሳብ የተጻፈበት ውኃ ይኼ ነው።

ቤት ገብተው እህታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"እታለም፣ ዞረብኝ። ሸምሱ በጭቃ አልወጣም አለ፣ በርሜሉ አልሞላ አለ፣ ምናሉ አላቦካም አለ፣ ግንቡ አልሠራ አለ፣ ድንጋዩ አልነሳ አለ፣ ዳንጌ አልቆፍርም አለ፣ ቆጣሪው አልቆም አለ። ጭቃው እንዳይደርቅ ደግሞ ውኃው አልቆም አለ። ውኃው እንዲቆም ዳንጌ ይቆፍር፣ ዳንጌ እንዲቆፍር ድንጋዩ ይነሳ፣ ድንጋዩ እንዲነሳ ግንቡ ይሠራ፣ ግንቡ እንዲሠራ ምናሉ ያቡካ፣ ምናሉ እንዲያቦካ በርሜሉ ይሙላ፣ በርሜሉ እንዲሞላ ሸምሱ ይምጣ፣ ሸምሱ እንዲመጣ ጭቃው ይድረቅ። ከየት ልጀምር?"

እታለም ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ይርገዱ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ሊነሱ ሲሉ፣

"በርሜሉ የሸምሱን ውኃ ካልሆነ አልጠጣም አለ?" አሉ እታለም።

"ከየት ሌላ ይመጣል?"

"ግቢያችን ቧንቧ አለ አይደለም?"

"ተቆልፏል።"

"ማን ቆለፈው?"

ይርገዱ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሂሳብ ላይ ሌላ በርሜል ውኃ መጨመር ከበዳቸው። ከዚያ በላይ ግን ያ ባዶ ጄሪካን ይዞ የተመለሰ ሰው ጀርባ ታያቸው።

ተነስተው ሄዱ። አቶ ገብረየስ በሩን ከፈቱ።

"ውኃ ሲቸግርዎ ለምን አልጠየቁኝም?" አሉ ይርገዱ።

"ቆለፉት። የቆለፈ ሰው ምን ይጠየቃል?"

"የሰረቁኝ መስሎኝ ነው።"

"ገብቶኛል።"

"ተሳስቻለሁ፣ አቶ ገብረየስ። ይቅር ይበሉኝ።"

 ገብረየስ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። ይርገዱ በሩ የተዘጋባቸው መሰላቸው። ገብረየስ ግን ረጅም የውኃ ጎማ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ይዘው ወጡ።

"በጄሪካን ማመላለሱ ያደክመናል" አሉ።

ያን ጊዜ ይርገዱ ቁልፉን ፈቱ። ቁልፉ ሲፈታ ውኃው ወረደ፣ ውኃው ሲወርድ በርሜሉ ሞላ፣ በርሜሉ ሲሞላ ምናሉ አቦካ፣ ምናሉ ሲያቦካ ግንቡ ተሠራ፣ ግንቡ ሲሠራ ድንጋዩ ተነሳ፣ ድንጋዩ ሲነሳ ዳንጌ ቆፈረ።

ዳንጌ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጠራቸው። ቧንቧው ከላይ ወደ ታች ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል።

"ክብደት ነው የሰበረው" አለ። "ድንጋዩ ሲራገፍ።"

ገብረየስ ፊታቸው ተለወጠ። "ያስራገፍኩት እኔ ነኝ። ቆለፉብኝ ብዬ በልቤ ስወቅስዎ ነበር፤ ለካ ያስፈሰስኩት እኔው ነኝ።"

"እዚህ ያራግፉት ያልኩትስ እኔ አይደለሁም?" አሉ ይርገዱ።

የዳንጌን ዋጋ ገብረየስ ካልከፈልኩ ብለው ከፈሉ። ቢሮ የሄዱትም አብረው ነው። የመስኮቷ ሴት የተሰበረውን ቧንቧ ቁራጭ አገላብጣ አየችና ሂሳቡን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍሉ አደረገች። ውኃው ሳይቆረጥ ቀረ። ጭቃውም ደረቀ፤ ሸምሱም ጋሪውን ይዞ ወጣ፤ ግን ውኃ የሚገዛው አላገኘምና አህያውን አሳርፎ ወረደ።

ዳንጌ ጉድጓዱን ደፍኖ በሄደ ጊዜ ይርገዱ ወደ ቆጣሪው ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ቆሟል።

አላመኑትም። ተበላሽቶ ይሆን ብለው ቧንቧውን ከፈት አድርገው መጡ፤ ይዞራል። ዘግተው መጡ፤ ቆሟል። እንደገና ከፈቱ፣ እንደገና ዘጉ።

"ይርገዱ" አሉ እታለም ከውስጥ። "ቆመ?"

"ቆመ።"

"ታዲያ ከቆመ ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?"

"ሲቆም አይቼው አላውቅማ" አሉ ይርገዱ፣ ድንጋይ ስበው እየተቀመጡ። "ትንሽ ልየው።"

እኔም ወሬዬን እዚህ ላይ ዘጋሁ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ይንገር።