ለአያቱ አባት የመረጠ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ በሴት አያቱ የሚያፍር። ቆይ፣ አታቋርጠኝ ልሳነወርቅ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ የዳዊት ቤት ትውልድ ሲቆጠር ሞዓባዊቷ ሩት ለምን ትጠራለች? ባዕድ፣ ያውም ቃራሚ! ለንጉሡ ክብር ሲባል ዝም ተብላ ብትታለፍስ?» አልከኝ። ይህም ሰው ልክ እንዳንተ ያስብ ነበርና አድምጥ።

ሰውየው ባለጸጋ ገበሬ ነው። ጎተራው ሙሉ፣ በረቱ ሙሉ። የጎደለው የትልቅ ሰው ልጅ መባል ብቻ ነበር። አያቱ በረሃብ ዘመን ከሩቅ ቆላ ብቻዋን መጥታ፣ አጫጆች የተዉትን ቃርሚያ እየለቀመች ስትኖር የእርሻው ጌታ አይቷት ያገባት ሴት ናት። የአባቷን ስም የሚያውቅ የለም። የልጅ ልጇ ሀብቱ በጨመረ ቁጥር ይህ ነገር ከነከነው። በመጨረሻም ለአያቱ አባት መረጠላት፤ እርሷ ከሞተች በኋላ!

የመረጠላት ደግሞ ተራ ሰው አይደለም። በዚያ አገር ከንጉሥ ዳዊት ቤት እወለዳለሁ የሚሉ አንድ ታላቅ ዳኛ ነበሩ። ድሮ ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም አገር ለቀው ሄደዋል። ታዲያ ማን ይከራከራል? ሰውየው በየድግሱ «አያቴ የዳኛው ልጅ ናት፤ እኔም የዳዊት ወገን ነኝ» ይል ጀመር። አነጋገሩ ተለወጠ፤ አረማመዱም ተለወጠ። ሚስቱ ግን እንጨት ፍለጥልኝ ማለቷን አልተወችም።

ይህ ሰው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ከማዶ መንደር አንዲት ልጃገረድ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተፈቀደ፣ ጠላው ተጠመቀ። የቀረው እንደ ወጉ ሰባት ቤት መቁጠር ነበር። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አለመሆናቸው ካልታወቀ ጋብቻ የለም።

ሁለቱ አባቶች በልጅቷ ቤት ደጃፍ፣ በሽማግሎቹ ፊት ተቀመጡ። የልጁ አባት ጉሮሮውን ጠርጎ ቆጠረ፤ አያቱ ጋ ሲደርስም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባቷ ከዳዊት ቤት የሆኑት ዳኛው!» አለ።

የልጅቷ አባት ብድግ አለ። «ዳኛው? የእኔም ቅድመ አያት እኮ ናቸው!»

እርሱም መርጧቸው ኖሯል። ምን ያድርግ? በዚያ አገር ከዳዊት ቤት ነው የተባለ ሟች እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ የሚዋሽ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይሄዳል።

«ወንድሜ!» «የአጥንቴ ፍላጭ!» እያሉ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። የሽማግሎቹ ታላቅ ስሞሹ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «እንኳን ተገናኛችሁ» አለ። «እንግዲህ ዘመዳሞች ናችሁ። ሰርጉ ቀረ።»

ፊታቸውን ብታይ! ልጅቷ በጓዳ ስታለቅስ ይሰማል። ሁለቱ አባቶች ወደ ጥግ ሄዱ።

«ዳኛውን ለእኔ ተውልኝ» አለ አንዱ።

«አንተስ ለምን አትተዋቸውም?»

«እኔማ ለአገሩ ሁሉ ተናግሬአለሁ!»

«እኔስ በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት?»

ይህን ጊዜ ልጁ ወደ አባቱ ቀረበ። «አባባ፣ እርሷን ካላገባሁ ገዳም ገብቼ እመነኩሳለሁ» አለው።

አባት ልጁን አየው። እንደማይቀልድ ገባው። ከላይ አንድ ዳኛ አገኘሁ ሲል ከታች የልጅ ልጅ ሊያጣ ነው። እኔ አዝንለታለሁ፤ ያን ያህል የተመኩበትን ነገር በገዛ አፍ ማፍረስ ቀላል አይደለም። ላብ እያጠመቀው ተመልሶ በሽማግሎቹ ፊት ቆመ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «አያቴ ከቆላ የመጣች ቃራሚ ናት። አባቷን አላውቅም። ዳኛውንም በዓይኗ አይታቸው አታውቅም።»

ከዚያ ከሽማግሎቹ አንዱ፣ «ይህንንማ ሁላችንም እናውቃለን» አለ። «እናቴ አብራት ቀርማለች። ቆጠራው በባለቤቱ ቃል ነው ብለን ተቀበልን እንጂ፣ አንተ እንዴት እንደረሳኸው ሲገርመን ነው የኖረው።»

ታላቁ ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰበው። «አገሯ ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሩቅ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ።»

«እሰይ! እንግዲያው ከዚህ አገር ሰው ጋር ዝምድና የላትም። ጠላውን አውጡት!»

ሰርጉ በባዕዷ ሴት ምክንያት ተሰረገ። ከሁሉ በላይ የተደሰተው ግን የልጅቷ አባት ነበር፤ ዳኛው ለእርሱ ብቻ ቀሩለት።

እንግዲህ ልሳነወርቅ፣ የዳዊትም ቤት እንዲሁ ነው። ሩትን ከቆጠራው ብታወጣት ኢዮቤድ የለም። ኢዮቤድ ከሌለ እሴይ የለም፤ እሴይ ከሌለ ዳዊት ከየት ይመጣል? ከዳዊት ዘር የተወለደልን መድኃኒትስ? አንተ ለንጉሡ ክብር ብለህ ንጉሡን ራሱን ልታጠፋው ነበር! የሰሎሞን ቤተ መንግሥት ፈርሷል፤ ወርቁንም ጠላት ወስዶታል። ያ ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው እናቶቹን ስላልሸሸገ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ዛሬ ጠዋት ስንቅ ይዛልህ የመጣችውን ሸክላ ሠሪ ለጓደኞችህ «የመንደራችን ሴት ናት» ስትላቸው ሰምቻለሁ። እርሷም ሰምታለች። እናትህ መሆኗን ለማወቅ ሁለታችሁን ማየት ይበቃል። ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀምጣ እግሯን እያሳረፈች ነው፤ ተነሥታ ሳትሄድ ድረስባት።