«አለሁ» ያለው ገደል

አንድ ሰው ነበረ፤ ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን የሚያምን። ወይንሸት፣ ጥያቄሽ አልጠፋኝም። «ከገጠሩ ክሊኒክ ጋር በኢንተርኔት የዘረጋነው የመረጃ መንገድ፣ ታነሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ያሳያል፤ ይሠራል ይላል። ታዲያ በየአሥር ሰከንዱ አለህ ወይ የሚል መልእክት እየላኩ መነዝነዝ ለምንድን ነው? መስመር ማጨናነቅ አይሆንም?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ቤት ነውና ትንሽ ታገሺኝ።

ሰውየው ከሚስቱ ጋር አንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ይኖር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከገደሉ ማዶ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች እየጠበቀ ብቻውን ይኖራል። ማዶው ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ለመድረስ ግን ገደሉን ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ጎጆውንም ቋጥኝ ስለጋረደው ከወዲህ አይታይም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ተስማሙ። ማለዳ ፀሐይ ቋጥኙን ስትነካ ታላቅየው አፋፉ ላይ ቆሞ «አለሁ!» ብሎ ይጣራል። ታናሽየው ከማዶ «አለሁ!» ይላል። በቃ፣ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ገደሉ ድሮም ያስተጋባል፤ ነገር ግን የወንድምየው ድምፅ ተከትሎ ስለሚመጣ፣ ቃሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የቱ የማን እንደሆነ ልብ ያለው አልነበረም። ቃሉ አጭር ነው፣ ጉሮሮ አያደክምም፤ ለዓመታት ሠርቶላቸዋል።

ሚስትየዋ ግን ጥላዋን የማታምን ሴት ነበረች። ይህን ስድብ አድርገሽ እንዳትወስጂው፤ እኔ ለዚህ ሥራ ሰው ስቀጥር የምፈልገው እንደሷ ያለውን ነው። አንድ ማለዳ ደጅ ላይ እህል ስታበጥር ጥሪውንና መልሱን ሰማችና ሰፌዷን አስቀመጠች።

«ዋርሳዬ ዛሬ ቶሎ መለሰ» አለች ባሏ ሲመጣ። «ሁልጊዜ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም ነበር።»

«ጎብዟል ማለት ነዋ።»

በማግስቱም አዳመጠች። «ድምፁ ቁርጥ ያንተን ይመስላል።»

«ወንድሜ አይደል? የጎረቤቱን ይምሰል?»

ሁለት ቀን ደግሞ ሰፌዷን አስቀምጣ አዳመጠች። በአምስተኛው ቀን ሰውየውን ጉንፋን ያዘው፤ ድምፁ ሻክሮ ወጣ። የማዶውም «አለሁ» ሻክሮ መጣ።

«ጉንፋን ገደል ይሻገራል እንዴ?» አለች።

ሰውየው ተቆጣ። «አንቺ ሴት፣ ሰው አለሁ እያለሽ የለህም ትዪዋለሽ? ሟርትሽን ተዪና ሥራሽን ሥሪ!» እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁጣው ከእርግጠኝነት የመጣ አልነበረም። ከጠረጠረ የግማሽ ቀን መንገድ ይጠብቀዋል። ካመነ ግን የሚጠብቀው ቁርሱ ነው። ሰው የሚቀለውን ያምናል፤ እኔም ስንቴ አምኛለሁ።

በስድስተኛው ቀን ተከትላው አፋፉ ድረስ ሄደች። እሱ «አለሁ!» አለ፤ ማዶውም «አለሁ!» አለ። ያኔ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«ሞቻለሁ!»

«ምን ያለ ሟርት ነው!» ብሎ አፏን ሊይዝ እጁን ሲሰነዝር፣ ማዶው መለሰ።

«ሞቻለሁ!» አለ፤ በሴት ድምፅ።

የሰውየው እጅ አየር ላይ ቀረ። የመለሰው ወንድሙ ቢሆን ኖሮ ሞቻለሁ ሲባል ይደነግጥ ነበር፣ ኧረ ምን ሆንሽ ይል ነበር። ይህ የገደል ማሚቶ ነው። ስድስት ማለዳ ሙሉ ሰውየው ከራሱ ድምፅ ጋር ሰላም ሲባባል ከርሟል።

ቁርስም አልበሉ፣ በዚያው ሮጡ። ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር። ወንድምየው ከዛፍ ሥር ተዘርሯል። ማር ሲቆርጥ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ይዞት ወርዷል፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል። አብሮት የወደቀውን ማር እየላሰ፣ ድንጋይ ላይ የታቆረ የዝናብ ውሃ እየጠጣ ነው የቆየው። ዓይኑን ገልጦ እሷን ሲያይ፣ በተዘጋ ድምፅ «አንቺ ሞተሽ የለም እንዴ?» አላት።

ሰምቷል ማለት ነው! የወንድሙን ጥሪ በየማለዳው ይሰማ ነበር። ይመልስም ነበር፤ መልሱ ግን ከዛፉ ሥር አያልፍም። «አለሁ ባልክ ቁጥር እኔ የለሁም እልህ ነበር» አለው ወንድሙን። ታላቅየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፤ ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ግን ስድስት ቀን ሳይታሰር ቆይቷልና ጠማማ ሆኖ ቀረ። ሲሻለው ወደዚያው ተመለሰ፤ ቀፎዎቹን ወንድሙ መሬት አወረደለት፣ እሱ ግን ዛፍ ዳግመኛ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «አለሁ» መባባል ቀረ። ማለዳ ማለዳ የሚጮኸው «ትናንት ምን በላህ?» ነው። ገደል ጥያቄውን መልሶ ይጮኻል እንጂ ትናንት ምን እንደበላ አይናገርም። «ቆሎ!» የሚል ድምፅ ከመጣ ወንድምየው አለ። ባይመጣስ? ሚስትየዋ አንዴ ዝም ካለ እንሂድ አለች። ባልየው አሥር ጊዜ እንጣራ አለ። አንዷን ጥሪ ነፋስ ሊወስዳት ይችላል፤ የተሰበረ እግር ደግሞ አሥር አይጠብቅም። ሦስት ላይ ታረቁ። ሦስቴ ተጠርቶ መልስ ከጠፋ አራተኛ የለም፤ ዱላ አንስቶ በዙሪያው መንገድ መሄድ ነው።

እንግዲህ ወይንሸት፣ አትቀየሚኝና ሰውየው አንቺ ነሽ። ታነል የምንለው በሌሎች ሰዎች መስመር ላይ የተዘረጋ መንገድ ነው። የራሱ ሽቦ የለውም፤ ስለዚህ ሲበጠስ ጧ አይልም። ያ አረንጓዴ የሚነግርሽ የኛ ወገን መሥራቱን ብቻ ነው። ማዶ ስላለው ምንም አያውቅም፤ የራስሽ «አለሁ» ነው ተመልሶ የሚሰማሽ። ነዝናዛ ያልሽው ትንሽ መልእክት ግን ማዶ ካለው መሣሪያ ደርሶ ካልሆነ አይመለስም። ሦስቴ ከቀረ ታነሉ ወድቋል ይባላል፤ መረጃውም በሌላ መንገድ ይዞራል። ወድቋል ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ወድቆ ሳለ ቆሟል ማለት ነው።

መልእክቱን መስመር ያጨናንቃል ብለሽ ከሦስት ቀን በፊት እንዳጠፋሽው ሰምቻለሁ። ወደ ክሊኒኩ የምንልከው የላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደረሰን የሚል መልስ አላመጣም። ጠዋት ስጠይቅሽ «ሥራ ቀዝቅዞባቸው ይሆናል እንጂ መስመሩስ አለ» አልሽኝ። እኔ ያንን ስሰማ የሻከረ ድምፅ ነው የሰማሁት። እዚያ ውጤቱን የሚጠብቅ በሽተኛ አለ፤ እሱም ምናልባት በየማለዳው የለሁም እያለሽ ነው።

ተነሺ፣ ያጠፋሽውን መልሰሽ አብሪው። ከዚያ ስልክ ደውይላቸው። «አለን» ቢሉሽ እንዳታምኚ፤ ትናንት ምን እንደበሉ ይንገሩሽ።