ቁልፉን የያዘው የካርድ ክፍል ሠራተኛ

እንግዲህ ልጆች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ኔትወርክ ወደ ወይራ አምባ ሲፈልግ እየመጣ ሲፈልግ በሚቀርበት በዚያ ዘመን፣ ስንሻው የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ይሠራ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ባለቤቴ ነበር፤ ስለዚህ የምነግራችሁን በወሬ አልሰማሁትም።

በዚያ ዘመን «ቀጠሮ» የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። የቲቢ ሕሙማን መድኃኒት የሚወስዱበትን ቀን ይቆጥራል። ቀኑ ሲደርስ በስልክ መልእክት ይጠራቸዋል። ያልተጠራ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ያቋረጠም ይሞታል። ፕሮግራሙ የማንም አልነበረም። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በነጻ ይጽፉታል። የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። ነገር ግን የታረመው ሥራ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ የሚለቀቀው በአንድ የሚስጥር ቁልፍ፣ በኮምፒውተር በሚጻፍ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር።

ቁልፉን ማን ይያዝ ብለው ተማከሩ። ከጎበዞቹ ኮድ ጸሐፊዎች አንዱ ሌላውን አላመነም። በመጨረሻ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ ለማያውቀው ለስንሻው ሰጡት፤ ጉድለት ባየ ቁጥር ሳይሰለች የሚጽፍላቸው እሱ ነበርና።

ስንሻው ቁልፉን ተቀበለ። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥርም ይጠይቅ ነበር፦ «ደጋ አይቶታል? ቆላ አይቶታል? ከተማ አይቶታል?» በሦስቱም ቦታ ካልተሞከረ አይለቅም።

የመጀመሪያው ፈተና ከወዳጅ መጣ። ናሁሰናይ የሚባል ከሁሉ የላቀ ኮድ ጸሐፊ ትልቅ ሥራ ጨርሶ፣ ለዘመን መለወጫ ይለቀቅልኝ አለ። ስንሻው ጠየቀ፦ «ደጋ አይቶታል? ቆላ አይቶታል? ከተማ አይቶታል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ኮድ አያውቁ፤ ምኑን ፈርተው ነው?» አለው ናሁሰናይ በስልክ።

«ኮድ አላውቅም። ጳጉሜን ግን አውቃታለሁ።»

ስንሻው አዲሱን ሥራ ለሙከራ ጭኖ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ጳጉሜን ስድስት ገፋው፤ በአራት ዓመት አንዴ ወደምትመጣው ቀን። ለዚያች ቀን የተቀጠሩ ሕሙማን ስም ሁሉ ከዝርዝሩ ጠፋ።  ናሁሰናይ ሥራውን መልሶ ወሰደ። ታርሞ ጥቅምት ላይ ተለቀቀ።

ሁለተኛው ፈተና ከባለጠጋ መጣ። የአንድ ትልቅ ድርጅት ሰዎች በመኪና መጡ። «ቁልፉን ይስጡን፤ ፕሮግራሙ የእኛን ስም ይያዝ፤ እርስዎን ኃላፊ እናደርግዎታለን» አሉት። ስንሻው መነጽሩን አደረገ። ያሉትን ቃል በቃል ጽፎ ፈቃደኞቹ ሁሉ በሚያዩት ገጽ ላይ ለጠፈው። ሰዎቹ ደነገጡ።

«ይህ እኮ በእኛና በእርስዎ መካከል የሚቀር ነገር ነው።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ተቀመጠ እንጂ የእኔ አይደለም» አላቸው።

ፈቃደኞቹ አሥራ ሁለት ቀን ተከራክረው እንቢ አሉ። ስንሻውም ሰዎቹን ጠርቶ፣ «ኮዱን ግን ውሰዱት፤ ክፍት ነው። ሌላ ስም አውጡለትና የፈለጋችሁትን ሥሩበት» አላቸው። ምሳ ያበላኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚጫን ያሳያቸው ደግሞ እሱ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ከራሱ መጣ። ልቡ ደከመ፤ ሐኪሞቹም ብዙ እንደማይቆይ ነገሩን። «ቁልፉን ይዤ ብሞት ፕሮግራሙም አብሮኝ ይቀበራል» አለ። ለሦስት ሰው ከፋፈለው፦ በከተማ ለናሁሰናይ፣ በደጋ ለአንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ፣ በቆላ ዘሃራ ለምትባል ነርስ። ሦስቱ ካልተስማሙ አይከፈትም። የራሱን ስም ሰረዘ።

ወር ሳይሞላ ፕሮግራሙ በአንዳንድ ጣቢያ ሕሙማንን መጥራት አቆመ። ናሁሰናይ በአንድ ቀን አረመው። ስንሻው ይህን አልጋ ላይ ሆኖ ሰማ። ሳይሞት ሕሙማኑ ሲጠሩ ማየት ፈለገ። ለዘሃራ ደወለላት።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ልቀቁት።»

«አባባ፣ ቆላ አላየውም።»

«እኔ እኮ ስንሻው ነኝ።»

«አውቃለሁ አባባ። ቆላ ግን አላየውም።»

ስልኩን አስቀመጠ። የተቆጣ መስሎኝ ፈራሁ። ፊቱ ግን በርቶ ነበር። «ሰማሽ?» አለኝ፤ «ከለከለችኝ።»

ፕሮግራሙ እስኪለቀቅ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ነርሶቹን አስተባበሩ። ሕሙማኑን አንድ በአንድ በስልክ አስጠሩ፤ አንድም አልቀረም። ዘሃራም አዲሱን ሥራ በቆላ ሞከረችው። በአምስተኛው ቀን ጉዱን አገኘች። በቆላው አንድ መንደር ሙሉ በአንድ ስልክ ይጠራል፤ አዲሱ ሥራ በዚያ ስልክ የሚጠሩትን አሥራ አንድ ሕሙማን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አሥሩን ሰርዟቸዋል። ዘሃራ ደውላ ስትነግረው ስንሻው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «አሥር ነፍስ» አለ። 

ናሁሰናይ እንደገና አረመው። ደጋ አየው፣ ቆላ አየው፣ ከተማ አየው። በዘጠነኛው ቀን ተለቀቀ። ስንሻው በስምንተኛው ቀን ዐርፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከፈቃደኞቹ አንዱ «የእኔ ሥራ ዛሬውኑ ይለቀቅ» ብሎ ሲቸኩል ክርክር የለም። ከቁልፍ ያዦቹ አንዱ «ስንሻውም ጠብቋል» ብሎ ይጽፍለታል። የቸኮለውም አርፎ ይቀመጣል። አዲስ የሚመጡት ስንሻው ማን እንደነበር አያውቁም። አንዳንዱ የጥንት ንጉሥ ይመስለዋል አሉ። ይምሰለው። ብቻ ይጠብቅ።