ጅቡ የጠጣው የጉሎ ዘይት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ገና ሰላምታ በሚለዋወጡበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ከአንድ ፍል ውሃ አጠገብ እመት አህያ የምትባል አሮጊት ትኖር ነበር። ደግ ዘመን ስል ጅብ አህያ አይበላም ነበር ማለቴ አይደለም። ይበላ ነበር፤ ግን መጀመሪያ «እንደምን አደርሽ?» ይላል። ዛሬ እሱም ቀርቷል።

በዚያ ዓመት በጋው ከረረ። የየካቲት ነፋስ ሣሩን አደረቀ፣ የወንዙን ጭቃ ሰነጣጠቀ፣ ከዚያም ወደ እንስሳቱ ቆዳ ዞረ። የዝሆኑ ጉልበት ነጣ፤ የከርከሮው ጆሮ ተላጠ። የባሰው ግን በንጉሡ በአንበሳ ላይ ደረሰ። የአራቱም እግሮቹ መዳፍ ተሰነጠቀ። በረገጠ ቁጥር ስለሚደማ ማደን አቆመ፤ ማደን ሲያቆም ደግሞ ጠባዩ ከፋ።

ይህን ጊዜ ቀበሮ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከተፍ አለ።

«ጌታዬ፣ ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ቅባት ነው። እስቲ ሽታውን ብቻ ያሽትቱት!»

ሽታውስ ያምር ነበር። ቀበሮ ነጭ አፈር በእምቧይ ጭማቂ ለውሶ፣ ከላይ አሪቲ ጣል አድርጎበታል። አንበሳ ተቀባ። በመጀመሪያው ቀን መዳፉ ነጭ ሆኖ አማረ። በሁለተኛው ቀን ያቃጥለው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሆነ፤ የአንበሳም ግሳት እስከ ማዶ ተሰማ።

«ቀበሮ የት አለ?»

ቀበሮ ለመሸሽ አልሞከረም። ብልጥ ስለሆነ፣ ከመሸሽ ይልቅ ጥፋቱን ሌላ ትከሻ ላይ መጫን እንደሚቀል ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ቅባቱ ደኅና ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ የአህያ ስብ።»

አያ ጅቦ ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። ይህን ሲሰማ ብድግ አለ።

«እውነቱን ነው! እኔ ራሴ እመሰክራለሁ። የአህያ ስብ ዋና መድኃኒት ነው!»

«ተቀብተህ ታውቃለህ?» አለው አንበሳ።

«በውስጥ በኩል፣ ጌታዬ።»

እመት አህያ ተጠርታ መጣች። ፈርታ ራቅ ብላ ቆመች። ነገር ግን የአንበሳን መዳፍ ስታይ ፍርሃቷን ለአፍታ ረሳችው፤ ንጉሥነቱንም ጭምር።

«ውይ ልጄን! ይህ እኮ በጉሎ ዘይት የሚድን ነው። እናቴ በየበጋው ትቀባኝ ነበር፤ ሰኮናዬ አንድ ቀን እንኳ ተሰንጥቆ አያውቅም።»

«ጉሎ?» ሳቀ ቀበሮ። «በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ነገር? ጌታዬ፣ ንጉሥ የአጥር ሥር ነገር ሲቀባ ያዩ አራዊት ምን ይላሉ?»

አንበሳ ግን ሕመሙ በርትቶበት ነበርና ስለ ወሬ አልተጨነቀም።

«ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ» አላት። «በሦስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ዘይቱን ይዘሽ ካልቀረብሽ ስብሽን እንሞክራለን። እንዳትሸሺም አያ ጅቦ ይጠብቅሽ።»

አያ ጅቦን በአህያ ላይ ጠባቂ ያደረገ ንጉሥ ምን ያህል እንደታመመ እናንተው ገምቱ።

እመት አህያ በቀጥታ የሄደችው ወደ አንድ ፍርስራሽ ግቢ ነበር። ያ ግቢ በደኅናው ጊዜ የሰው ቤት ነበረበት። የእመት አህያ እናት ውሃና እንጨት ስትጭን የኖረችው እዚያ ነው። ጣሪያው ወድቆ ካቡ ፈርሷል፤ ሰዎቹም ወደማይታወቅ አገር ሄደዋል። የጉሎው ዛፍ ግን ማንም ሳያጠጣው፣ ያ ቀይ አገዳው እንዳማረ እዚያው ቆሟል።

እመት አህያ ሥሩ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥራ ጀመረች፤ የእናቷ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣላት ነበር። መጀመሪያ እሾሃማውን ፍሬ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሰጣችው። ፀሐዩ ሲበረታ ፍሬው ቷ! ቷ! እያለ ፈነዳ። ልጅ ሳለች በዚህ ድምፅ ደንግጣ እናቷ ሆድ ሥር ትገባ ነበር። ፍሬውን በሰኮናዋ ወቀጠችው። ውቅጡን ፍል ውሃው የሚንተከተክበት ጉድጓድ ውስጥ ጨመረች፤ ዘይቱ ወደ ላይ ሲሰፍ በቅል ስባሪ ቀስ እያለች ገፍፋ በሌላ ቅል አጠራቀመችው።

«አሁን ደግሞ ውሃው እስኪለቀው ድረስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል» አለች። «እናቴ በዚህ ላይ አትቸኩልም ነበር። እዚህ ላይ የቸኮለ ሥራው ሁሉ ይበላሽበታል።»

«ይበላል?» አለ አያ ጅቦ።

«አይበላም። ፍሬው መርዝ ነው፤ ዘይቱም ለቆዳ እንጂ ለሆድ አይደለም። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ የሰማው ግን «ይበላሽበታል» ካለችው ውስጥ «ይበላ» የምትለዋን ይሁን ሌላ፣ ፊቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ሁለቱንም ቀን አያ ጅቦ ሲያክ ዋለ። ቆዳው አመድ መስሎ፣ ጠጉሩ እየተነቀለ ነበር። ግንድ ላይ ይታሻል፤ ድንጋይ ላይ ይታሻል፤ ያቃስታል። በመጨረሻ እመት አህያ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ በፈጠረህ! ሥራዬን አላሠራ አልከኝ። ወዲህ ና!»

አፍንጫዋን ከዘይቱ ነክራ ግራ ትከሻውን አሸችለት። አያ ጅቦ ማከኩን ተወ። አህያ በገዛ ፈቃዷ ስትጠጋው በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

«እናቴ ስትልሰኝ እንዲህ ነበር» አለ።

«እናትህ ምን ሆነች?»

«እንጃ። የምበላው ነገር ነበር። በልቼ ቀና ስል ሄዳለች።»

እመት አህያ ማሸቷን ቀጠለች። ከዚያ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና እንዲህ አለች፦

«የእኔ እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትቀባኝ ጀርባዬን ነበር፤ ጭነቱ የሚልጠኝን ቦታ። እሷ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቦታ ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ አፌ አይደርስበትም።»

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዘይቱ ጠርቶ ማር መሰለ። እመት አህያ አሸተተችው። የእናቷ ሽታ ነው፣ ራሱ! ደስ ብሏት ንጉሡ ፊት ለመቅረብ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ወንዙ ወረደች።

ቀበሮ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነበር። ከካቡ ኋላ ብቅ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ዘይቱ ከሠራ ሥጋው ቀረ ማለት ነው።»

«ውይ!» አለ አያ ጅቦ። ይህን አላሰበውም ነበር።

«ዘይቱ ባይኖርስ?»

«ግን ለቆዳ ነው ብላኛለች።»

«ታዲያ ሆድስ በውስጥ በኩል ያለ ቆዳ አይደል?»

ነገሩ አያ ጅቦን አሳመነው። ቅሉን አንስቶ ጨለጠው፤ ላሰውም።

እመት አህያ ስትመለስ ባዶውን ቅል አየች። እዚያው ቁጭ አለች። ለነፍሷ መፍራቷ እርግጥ ነው፤ የበለጠ የቆረጣት ግን ሌላ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣው የእናቷ ሽታ ጅብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ባዶ ቅሏን ይዛ አንበሳ ፊት ቀረበች። ጅቡ ጠጣው ብትል የሚያምናት እንደሌለ ታውቅ ነበር።

«አላልኩም?» አለ ቀበሮ። «ጌታዬ፣ ከእንግዲህ ስቧን ነው!»

አንበሳ በሐዘን አያት። «አያ ጅቦ፣ ውሰዳት» አለ።

አያ ጅቦ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሆዱ ጉርርር አለ። ዞሮ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ተመልሶ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ሆዱ ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም ሮጠ። ለሦስተኛ ጊዜ እየተንገዳገደ ሲመለስ ፀሐዩ በግራ ትከሻው ላይ ወደቀበት። ሌላው ገላው አመድ እንደመሰለ ነው። ግራ ትከሻው ግን ጠጉሩ ተኝቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ያብለጨልጫል።

«ቁም!» አለ አንበሳ። «ትከሻህን ማን ቀባህ?»

ውሸት ለመፍጠር ጊዜ ያስፈልጋል፤ አያ ጅቦን ደግሞ ሆዱ ጊዜ አልሰጠውም።

«እሷ ቀባችኝ፣ የጉሎው ነው፣ የቀረውን ጠጣሁት፣ ጠጣ ያለኝ ቀበሮ ነው፣ ይቅርታ ጌታዬ መሄዴ ነው!» ብሎ እንደገና ሮጠ።

አንበሳ ቀስ ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮም በዚህ ጊዜ ጥፋቱን የሚጭንበት ሌላ ትከሻ አላገኘም።

አዲስ ሦስት ቀን ተሰጠ። በዚህኛው ጊዜ የወቀጠው ቀበሮ ነው፤ እመት አህያ «ገና ነው፣ አልደቀቀም» እያለች አጠገቡ ቆማለች። ዘይቱ ደረሰ፤ አንበሳ ተቀባ። በሳምንቱ ያለ ደም ተራመደ። እመት አህያን «በአገሬ ማንም አይነካሽም» ብሎ ማለላትና ለአደን ወጣ። የቀሩትም እንስሳት ተራ በተራ ተቀብተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በቅሉ ሥር ጥቂት ዘይት ቀርታ ነበር። እመት አህያ እግሯን ቀባች፤ አንገቷን ቀባች፤ ወደ ጀርባዋ ዞራ ሞከረች፤ እንደ ሁልጊዜው አልደረሰችበትም። ተወችው።

ያኔ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። አያ ጅቦ ነበር፤ ከስቷል።

«እንደምን ዋልሽ?» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የቱ ጋ ነው... ያ እናትሽ ትቀባሽ የነበረው ቦታ?»

እመት አህያ ቅሉን ወደ እሱ ገፋችለት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችው። ጅቡም ምራቁን እየዋጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያቺን ቦታ ቀስ አድርጎ አሸላት።

ከዚህ የምንማረው፣ እናቶቻችን በእጃቸው ያሳዩንን መልካም ነገር የአጥር ሥር ነው ብለን ከናቅነው ቆዳችን በተሰነጠቀ ቀን መድኃኒት እንደምናጣ፣ ጠብቀን ለሌላው ካካፈልነው ግን እኛም እጃችን የማይደርስበትን የሚቀባልን እንደምናገኝ ነው።