ስልኩ ማንን ይጠብቃል

አጭር ነገር ነው፤ ልንገራችሁ።

ሚስቴ ጥሩዬ ለኦፕራሲዮን ከተማ ሆስፒታል ተኛች። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት መኖሯን መስማት። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ሞቷል። ልጄ ስንዱ ግን ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራለች። ስልኬን ሰጥቼ እንዲናገር አድርጊው አልኳት።

«ባትሪው ካልሞላ አይናገርም አባዬ» አለችኝ።

አራት ዓመት ምን ስትማሪ ኖርሽ ብዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ይዛ ወጣች።

ባትሪ የሚሞላው ጌታሰው ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም አላት። ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ያለ ነዳጅ ማስነሳት አቃተው ብሎም ሳቀባት። ስልኩ አይናገር ባትሪው ካልሞላ፤ ባትሪው አይሞላ ጄኔሬተሩ ካልጮኸ፤ ጄኔሬተሩ አይጮህ ነዳጁ ካልመጣ።

ነዳጅ የሚያመጣው ባለባጃጁ ምንይችል ነው። የመስኖ ውሃ መንገዱን ውጦበት ቆሟል። በኮምፒዩተርሽ አድርቂልኝ አላት። ስልኩ አይናገር ባትሪው ካልሞላ፤ ባትሪው አይሞላ ጄኔሬተሩ ካልጮኸ፤ ጄኔሬተሩ አይጮህ ነዳጁ ካልመጣ፤ ነዳጁ አይመጣ ውሃው ካልጎደለ።

ቦይ ጠባቂው ይልቃል ደግሞ የውሃ አባት በስልክ ካላዘዙኝ ውሃውን አልመልስም አለ። የውሃ አባት እኔ ነኝ፤ የመስኖ ተራ የምዳኝ። አምና አንዱ በስሜ ዋሽቶ የሰው ተራ ስለወሰደ፣ ድምፄን ሳትሰማ ቦዩን አትንካ ብዬዋለሁ። ልጃቸው ነኝ ብትለው፣ «የአምናውም ወንድማቸው ነኝ ብሎኝ ነበር» አላት።

ስትመለስ ካለሁበት አልተነሣሁም። ሳስብ የቆየሁት መቃብር ነው። ስልኩ አይናገር ባትሪው ካልሞላ፤ ባትሪው አይሞላ ጄኔሬተሩ ካልጮኸ፤ ጄኔሬተሩ አይጮህ ነዳጁ ካልመጣ፤ ነዳጁ አይመጣ ውሃው ካልጎደለ፤ ውሃው አይጎድል ይልቃል ካልመለሰ፤ ይልቃል አይመልስ ብላ ወደ እኔ አየች።

«ታዲያ ስልኩን ጠግኚዋ» አልኳት።

«የተማርኩት ስልክ መፍታት አይደለም አባዬ። የቆመ ነገር ማንን እንደሚጠብቅ እየጠየቁ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። ሄድኩ። መጨረሻው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ይልቃል የእርስዎን ስልክ ይጠብቃል፤ የእርስዎ ስልክ ይልቃልን።»

ተነሥቼ ወደ ቦዩ ሮጥኩ። ከሩቅ ውሃውን መልሰው አልኩት። ድምፄን ሰማ።

ይልቃል ቦዩን ዘጋ፤ ውሃው ጎደለ፤ ነዳጁ መጣ፤ ጄኔሬተሩ ጮኸ፤ ባትሪው ሞላ፤ ስልኩ ተናገረ።

ሆስፒታሉ ደወልኩ፤ ነርሷ አነሣችና ይቆዩ አለችኝ። ያቺ ቆይታ ከሦስቱ ቀን ረዘመችብኝ። ከዚያ አንድ የደከመ ድምፅ፣

«በሬዎቹ በሉ?» አለኝ።

አልበሉም ነበር። በልተዋል አልኳት።