አልካፈል ያለው ሺህ ዘጠኝ ድንጋይ

ጆሮ ካለ አፍ አይሰንፍም፤ ስሙ።

ከወንዙ ወዲህ እትዬ ደብሬ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ልጃቸው ላቀች ከወንዙ ማዶ የወለደቻትን ሕፃን ማቀፍ። ከዳር ቆመው «አምጪልኝ እንጂ» ብለው ተጣሩ።

«ድልድዩ ተሰብሯል እማዬ። ሕፃን ይዤ ውኃ ውስጥ አልገባም» አለች ላቀች።

እትዬ ደብሬ አናጢው ጌትዬ ዘንድ ሄዱ። «ድልድዩን ጠግነው። ድልድዩ ካልተጠገነ ላቀች አትሻገርም፤ ላቀች ካልተሻገረች ሕፃኗን አላቅፍም።»

ጌትዬ ከመጋዙ ቀና አላለም። «የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳልገጥም ሌላ ሥራ አልነካም፤ ስለት አለብኝ። በሩ ደግሞ ወለሉ ሳይነጠፍ አይገጠምም።»

ግንበኛው አያ ሽባባው ዘንድ ሄዱ። «ወለሉን አንጥፈው። ወለሉ ካልተነጠፈ ጌትዬ በሩን አይገጥምም፤ በሩ ካልተገጠመ ድልድዩን አይጠግንም፤ ድልድዩ ካልተጠገነ ላቀች አትሻገርም፤ ላቀች ካልተሻገረች ሕፃኗን አላቅፍም።»

«ድንጋዩ እኩል እኩል ረድፍ ካልወጣው አላነጥፍም» አለ ሽባባው። «ጎደሎ ረድፍ ሠርቼ መሳቂያ አልሆንም። ሂሳብ አስተማሪውን ይጠይቁት።»

አስተማሪው አዳሙ ከድንጋዩ ክምር አጠገብ አገጩን ይዞ ተቀምጧል። «ልጄ፣ ድንጋዩን አካፍለው። ድንጋዩ ካልተካፈለ ሽባባው ወለሉን አያነጥፍም፤ ወለሉ ካልተነጠፈ ጌትዬ በሩን አይገጥምም፤ በሩ ካልተገጠመ ድልድዩን አይጠግንም፤ ድልድዩ ካልተጠገነ ላቀች አትሻገርም፤ ላቀች ካልተሻገረች ሕፃኗን አላቅፍም።»

«አልካፈል አለ» አለ አዳሙ። «ድንጋዩ ሺህ ዘጠኝ ነው። ለሁለት ሳካፍለው አንድ ይተርፋል። ለሦስት ስለው አንድ ይተርፋል። ለአምስት ስለው አራት፣ ለሰባት ስለው አሁንም አንድ። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን።»

«ብቸኝነትስ እኔም አውቀዋለሁ። ምን ይሻለዋል?»

«ሺህ ስምንት ቢሆን ሃያ ስምንት ረድፍ ይወጣው ነበር፤ በየረድፉ ሠላሳ ስድስት። ግን ምእመኑ አንድ አንድ ተሸክሞ ያመጣው ነው። የማንን ጥለን የማንን እናነጥፋለን? የጠየቅሁት ሁሉ ተቆጣኝ።»

እትዬ ደብሬ ክምሩን አዩ። ቀላ ያለችው ድንጋይ የእሳቸው ነች፤ ለባላቸው ነፍስ ብለው ዳገቱን ሙሉ በጀርባቸው ያወጧት።

«የኔን አውጣት።»

«ቅር አይልዎትም?»

«ይለኛል። አውጣት።»

አዳሙ አወጣት፤ እሳቸውም አዝለዋት ወረዱ።

ድንጋዩ ተካፈለ። ድንጋዩ ቢካፈል ሽባባው ወለሉን አነጠፈ፤ ወለሉ ቢነጠፍ ጌትዬ በሩን ገጠመ፤ በሩ ቢገጠም ድልድዩን ጠገነ፤ ድልድዩ ቢጠገን ላቀች ተሻገረች፤ ላቀች ብትሻገር እትዬ ደብሬ ሕፃኗን አቀፉ።

ሕፃኗ አየቻቸውና አለቀሰች።

«ስጪኝ እማዬ፣ ላባብላት» አለች ላቀች።

እትዬ ደብሬ አልሰጧትም።